የተማሪውን እንጀራ ማን ከፈለ? ከነፃ ትምህርት እስከ ኮስት ሼሪንግ





ባለፈው ሰሞን ከዒሻ ሶላት በኋላ ሁለት ወንድማማቾች መስጂዱ በረንዳ ላይ ጠበቁን። የጫኖ ልጆች ናቸው፤ አባታቸው ሙዝ ያመርታሉ። ታላቁ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልፎታል። በላስቲክ የጠቀለለውን ወረቀት አውጥቶ አሳየን፤ ቴምፖ ነው፣ ጊዜያዊው። «ኦርጅናሉን ለማውጣት ኮስት ሼሪንግ ክፈል ይሉኛል። ለመክፈል ሥራ ያስፈልገኛል። ሥራ ስጠይቅ ደግሞ ኦርጅናል አምጣ ይሉኛል» አለን። ታናሹ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። አጠገቡ ቆሞ ይሰማል። ፊቱን ስናየው «ታዲያ እኔ ለምን እማራለሁ?» የሚል ይመስላል።

ታላቁ ሲሰናበተን አንድ ጥያቄ ጣለብን። «ድሮ ትምህርት ነፃ ነበር ይላሉ። እኛ ምን አጥፍተን ነው የምንከፍለው?»

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁናላችሁ። መልሱ ያለው በታሪክ ውስጥ ስለሆነ ዛሬ ታሪኩን ከመነሻው እንነግራችኋለን። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ከመንግሥት በፊት

መንግሥት ኮሌጅ ከመክፈቱ በፊትም በዚህ አገር ተማሪ ነበር። በወሎ ዳናና ገታን የመሳሰሉ የዒልም ቦታዎች ከየአገሩ ደረሳ ይጎርፍባቸው ነበር። ደረሳው ክፍያ አይከፍልም። ሸይኹ ያስቀራሉ፣ መንደሩ ያበላል፣ ደረሳው ደግሞ እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ በእርሻ ያግዛል። የቤተ ክህነት ተማሪም በዳባውና በአኮፋዳው ከመንደር መንደር እየለመነ ይማር ነበር።

በሰፊው የሙስሊም ዓለምም የዒልም ቤቶች የቆሙት በወቅፍ ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የተከፈተችው ኒዛሚያ መድረሳም ሆነች የካይሮው አል-አዝሀር ደረሳቸውን ያበሉትና ያሳደሩት ሀብታሞች ለአላህ ብለው ካቆሙት የመሬትና የሱቅ ኪራይ ነው።

ከዚህ አንድ ነገር ያዙልን፦ ያለ ዋጋ የተሰጠ ትምህርት በታሪክ የለም። ተማሪው ካልከፈለ ሌላ ሰው ከፍሏል። ስለዚህ በየዘመኑ የምንጠይቀው «ትምህርት ነፃ ነበር ወይ?» ብለን አይደለም፤ «ማን ከፈለ? ማንስ ገባ?» ብለን ነው።

በንጉሡ ዘመን፦ ነፃ ግን ጠባብ በር

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የነበሩት ተማሪዎች 33 ብቻ ነበሩ። በዛሬ ዓይን አንድ ክፍል አይሞሉም። ከዚያ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር ጤና ኮሌጅና የምህንድስና ኮሌጁ ተከተሉ። በ1954 ዓ.ም. እነዚህ በአንድ ጥላ ሥር ተሰባስበው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ።

ተማሪው ለትምህርቱ አይከፍልም ነበር። ከድሃ ቤት የመጣም ቢሆን የመግቢያውን ፈተና ካለፈ መንግሥት ያስተምረዋል፣ ሲመረቅም ሥራው ይጠብቀዋል። የአባቶቻችን ትውልድ «ድሮ ነፃ ነበር» የሚለው ይህን ነው፤ ልክ ነው።

ግን ማን ገባ? በዚያ ዘመን አርባ ምንጭ ገና አዲስ ከተማ ነበረች፤ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወደ ቆላው የወረደው በ1950ዎቹ ነው። አንድ የጫኖ ገበሬ ልጁን 12ኛ ክፍል ለማድረስ መጀመሪያ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ሊኖር ይገባል። ካለም ልጁ ከእርሻና ከከብት ጥበቃ መላቀቅ አለበት። ቀጥሎ ከተማ ዘመድ ቤት ማስጠጋት፣ ከዚያም ማትሪክ ማለፍ አለ። ይህን ሁሉ ወንፊት አልፎ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ሲደርስ «ነፃ ነው» ይባላል። ወንፊቱ ግን ነፃ አልነበረም።

በሙስሊሙ በኩል ደግሞ ተጨማሪ ወንፊት ነበር። ብዙ ወላጆች ልጃቸው በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖቱን ይለቃል ብለው ይሠጉ ነበር። ሥጋታቸው ከባዶ የመጣ አልነበረም፤ አገሪቱ የምትተዳደረው መንግሥታዊ ሃይማኖት ባለው ሕገ መንግሥት ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የወጣው ታላቁ የሙስሊሞች ሰልፍ እኩልነትን የጠየቀው ይህን ዓይነቱን ሸክም ተሸክሞ ነው። ትምህርት ነፃ በነበረበት ዘመን ከኛ የተጠቀሙት ጥቂቶች ናቸው።

ማንስ ከፈለ? ግብር ከፋዩ። አብዛኛው ግብር ከፋይ ገበሬ ነበር፤ ልጁ ከነፃው ትምህርት ያልደረሰው ገበሬ የከተማውን ልጅ ያስተምር ነበር ማለት ነው። ነፃ የተባለው ለገባው ነው።

መንግሥትም ከተማሪው መልሶ መጠየቅን የጀመረው ያኔ ነው፤ በብር አልጠየቀም እንጂ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመውሰዱ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሄዶ ማገልገል ነበረበት። አብዛኞቹ በመምህርነት ነው ያገለገሉት። ይህ ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በሲራ እንደሚተላለፈው፣ ከበድር ምርኮኞች ቤዛ የሚከፍሉት የሌላቸውና መጻፍ የሚችሉት ለመዲና ልጆች ማንበብና መጻፍ አስተምረው ነፃ ወጥተዋል። ዕውቀት ዕዳ ይከፈልበታል፤ ዕዳም በዕውቀት ይከፈላል።

ሴክተር ሪቪው፦ ያልተፈጸመው ዕቅድ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ መንግሥት ከውጭ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የትምህርቱን ሥርዓት አስጠና። ጥናቱ «ሴክተር ሪቪው» ተባለ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ ገንዘቡ ለጥቂቶች ከፍተኛ ትምህርት ከሚውል ለብዙኃኑ ልጆች የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ይዳረስ፣ ወደ ሁለተኛ ደረጃና ወደ ኮሌጅ የሚወስደው መንገድ ይጥበብ የሚል ነበር።

ወረቀቱ ላይ ለገበሬው ልጅ የታሰበ ይመስላል። ሕዝቡ ግን ሌላ ነገር አነበበበት፦ «የድሃ ልጅ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሞ ወደ እርፉ ይመለስ፤ የሀብታሙ ይቀጥል።» በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ በዚያው ሰሞን የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ አደሙ፤ ተማሪው ጎዳና ወጣ። መንግሥት ዕቅዱን አነሳው። ብዙም ሳይቆይ ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ።

የትምህርት ፖሊሲ ዙፋን ሲነቀንቅ በአገራችን ታሪክ ታይቷል። ወላጅ ብዙ ነገር ይችላል፤ የልጁ በር ሊዘጋ ነው ሲባል ግን ዝም አይልም።

በደርግ ዘመን፦ ክፍያው ዘመቻ ነበር

ደርግ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ። የግል ትምህርት ቤቶች ተወረሱ። ከዚያ በኋላ በግል ተቋም «ከፍዬ ልማር» የሚል አማራጭ በከፍተኛ ትምህርት አልነበረም፤ በሩ አንድ ነው፣ እሱም የመንግሥት ነው።

ለተማረው ግን ሁሉም ነፃ ነበር፤ መማሪያው፣ መኝታው፣ ምግቡ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩትን ጎልማሶች ከማታ ጥናት ጋር አገናኘ። ብዙ ልጆች ወደ ኩባ፣ ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ሌሎች ሶሻሊስት አገሮች ለትምህርት ሄዱ።

ለኛ አካባቢ ትልቁ ዜና የመጣው በ1979 ዓ.ም. ነው። የአርባ ምንጭ ውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተከፈተ። ከ1977ቱ ድርቅ ብዙም ሳይርቅ፣ ምንጮቿ ስም በሆኑላት ከተማ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ፣ አገሪቱ የውሃ መሐንዲስ ማፍራት ጀመረች። ግን ልብ በሉ፤ ኢንስቲትዩቱ አርባ ምንጭ ተከፈተ ማለት የአርባ ምንጭ ልጅ ገባበት ማለት አይደለም። ተማሪ የሚመደበው ከመላው አገሪቱ በማዕከል ነው። የጫኖ ልጅ ከግቢው አጥር ውጭ ሙዝ እየሸጠ፣ አጥሩን በዓይኑ እያየ ሊያረጅ ይችላል። ቅርበት ዕድል የሚሆነው መሰላሉ ካለ ነው፤ መሰላሉ ደግሞ ጥሩ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው።

1986 እና 1996፦ በሩ ሰፋ፣ ሒሳቡ መጣ

ኢሕአዴግ ሲገባ አገሪቱ የነበሯት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ነበሩ ማለት ይቻላል፤ አዲስ አበባና ዓለማያ። የቀሩት ኮሌጆችና ኢንስቲትዩቶች ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለት ነገር አብሮ ተናገረ። አንደኛ፣ ትምህርት ይስፋፋ። ሁለተኛ፣ መንግሥት በነፃ የሚያስተምረው እስከ 10ኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ ወጪው በመጋራት ይሸፈናል።

ይህ ሐሳብ ከአዲስ አበባ ብቻ የወጣ አልነበረም። በዚያን ዘመን የዓለም ባንክ ለአፍሪካ መንግሥታት ሲመክር የነበረው «ገንዘባችሁን አንደኛ ደረጃ ላይ አውሉት፤ ከዩኒቨርሲቲ የሚጠቀመው ተመራቂው ስለሆነ እሱ ይክፈል» እያለ ነው። በኡጋንዳ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ከፋይ ተማሪዎችን መቀበል ጀምሮ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፋዩ መንግሥት ከሚያስተምረው በለጠ። አውስትራሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ሌላ መንገድ ጀመረች፦ አሁን ተማር፣ ገቢህ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ በግብር በኩል ትመልሳለህ።

ኢትዮጵያ የመረጠችው የአውስትራሊያውን መንገድ የሚመስለውን ነው። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 እና እሱን ተከትሎ የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ሥርዓቱን አቆሙት፤ ከ1996 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪው ፎርም መፈረም ጀመረ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦

– ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ 15 በመቶ ይጋራል።
– ሲማር አይከፍልም፤ ሥራ ይዞ ገቢ ሲያገኝ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ እየተቆረጠ ይመልሳል።
– መክፈያው ጊዜ እስከ 15 ዓመት ነው።
– ለመምህርነት የተመረቀ በአገልግሎቱ ሊከፍል ይችላል። የ1957ቱ አገልግሎት በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

በዚያው 1996 ዓ.ም. የአርባ ምንጩ ኢንስቲትዩት ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሒሳቡና ስፋቱ አብረው መጡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ዩኒቨርሲቲዎች በየዙሩ እየተከፈቱ ቁጥራቸው ከ40 አለፈ። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ ተማሪ 70ው በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ፣ 30ው በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ። አንድ ልጅ ሕግ ወይም ታሪክ ቢመኝም የምደባው ሰንጠረዥ ኢንጂነሪንግ ያደርገዋል። የመንግሥት ፖሊሲ ስንት ሰው እንደሚማር ብቻ አይወስንም፤ ምን እንደሚማርም ይወስናል።

እውነቱን እንናገር። በአባቶቻችን ዘመን ዩኒቨርሲቲ የገባ የመንደሩ ስም ነበር፤ በ2000ዎቹ በየቀበሌው፣ በየጀመዓው ተመራቂ ታየ። ከሙስሊም ቤት የወጡ ሴት ልጆች ዶክተር፣ መሐንዲስና መምህር ሆኑ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም ከአጥሩ ወጥቶ ወደኛ መጣ፤ በጫኖ ሚሌ የወባ ትንኝና የወባ ሕመምተኞችን ያጠኑት ተመራማሪዎች ሥራ ዛሬ በዓለም የጤና መጽሔቶች ላይ አለ። ይህን ውለታ መካድ ግፍ ነው።

ግን ስፋቱም ዋጋ ነበረው። ክፍሉ ተሠራ እንጂ መምህሩ፣ ቤተ ሙከራውና መጽሐፉ በዚያው ፍጥነት አልደረሰም። ወረቀቱ በዛ፤ የወረቀቱ ዋጋ ቀነሰ።

የዕዳው ወረቀት ችግር የት ላይ ነው?

ወደ ወንድማችን እንመለስ። በአውስትራሊያው መንገድ ዕዳው ገቢን ይከተላል፤ ገቢ ከሌለህ ማንም አይነካህም፣ ዲግሪህም በእጅህ ነው። በኛም ደንቡ «ሥራ ሲይዝ ይከፍላል» ይላል። በአሠራር ግን ዕዳው የሚከተለው ዲግሪውን ነው። ኦርጅናሉና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ዕዳው ሳይዘጋ አይወጣም። ምክንያቱ ይገባል፤ አብዛኛው ሕዝብ በእርሻና በጥቃቅን ንግድ በሚኖርበት አገር የእያንዳንዱን ሰው ገቢ ተከታትሎ የሚቆርጥ የግብር መሥሪያ ቤት ማቆም ከባድ ነው። መንግሥት በእጁ ያለውን መያዣ ያዘ፤ እሱም ወረቀቱ ነው። ሸክሙ ግን የሚያርፈው ሥራ ባጣው ልጅ ላይ ነው። ደመወዝተኛው ይቆረጥበታል፣ ይዘጋል። ሥራ ያጣው ግን ሥራ የሚያስገኝለትን ወረቀት በመያዣ አስይዟል።

ሌላም ያልታየ ነገር አለ። ዕዳው የሚመዘገበው በብር ነው፤ የብር ዋጋ ደግሞ ሲወርድ ኖሯል። ለብዙ ዓመታት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የተያዘው 15 ብር ነበር። በአሥር ወር፣ ማለትም በ300 ቀን ስታሰሉት 4,500 ብር ነው። አራት ዓመት ተምሮ የወጣ ለምግብ 18,000 ብር ተመዘገበበት እንበል፤ ከዓመታት በኋላ ያ ብር ሲፈርም የነበረውን ያህል አይከብድም። በዚህ የተጎዳው ሌላ ሰው ነው፦ በ15 ብር የሚበላው ተማሪ። ካፌ የነበራችሁ ሽሮውን ታውቁታላችሁ። ነን ካፌ ሆናችሁ በዚያች ብር ወር ለመድረስ የሞከራችሁም ታውቁታላችሁ።

በ2017 ዓ.ም. የቀን ምግብ በጀቱ ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ለተማሪው ሆድ መልካም ነው። ግን ሒሳቡን እንሥራ፤ ምግቡ እንደ ደንቡ በሙሉ በተማሪው ስም ከተመዘገበ በ300 ቀን 30,000 ብር፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ይሆናል፤ መኝታውና የትምህርቱ 15 በመቶ ሳይጨመር። በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። አሥር በመቶው 1,150 ብር ነው። 120,000ን በ1,150 ስታካፍሉት 104 ወር ይመጣል፤ ስምንት ዓመት ተኩል ያልፋል። ለታላቁ ወንድም ቀላል የነበረው ዕዳ ለታናሹ ሌላ ዕዳ ነው። ስትፈርሙ እያወቃችሁ ፈርሙ የምንለው ለዚህ ነው።

2015፦ በሩ እንደገና ጠበበ

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና የተሰጠው በ2015 መጀመሪያ ላይ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ነው፤ ኩረጃን ለማስቀረት። ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። ከመቶ ሦስት። ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ከ585,882 ተፈታኞች ያለፉት 48,929 ሆኑ፤ ከመቶ ስምንት ገደማ። እየተሻሻለ ነው፤ ግን የተፈታኙ ቁጥር ራሱ በሦስት ዓመት ከ300,000 በላይ መቀነሱንም አስተውሉ።

ለወደቁት የሬሜዲያል ፕሮግራም ተከፈተ። ለሚመረቁት ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም በምርምር ዩኒቨርሲቲነት ከተለዩት ስምንቱ አንዱ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆነ፤ የራስ ገዝነት አንዱ ትርጉም ተቋሙ ገቢውንም በራሱ መፈለግ መቻሉ ነው።

እነዚህን አንድ ላይ ስታነቧቸው ታሪኩ ክብ ሠርቶ የተመለሰ ይመስላል። በንጉሡ ዘመን በሩ ጠባብና ነፃ ነበር። በ2000ዎቹ ሰፊና በዱቤ ሆነ። አሁን እየጠበበ ነው፤ ዋጋውም እየጨመረ ነው። በሩ ሲጠብ ደግሞ የሚጣራው በጉብዝና ብቻ አይደለም። ቤተ መጻሕፍት ያለው፣ አስጠኚ የሚቀጠርለት፣ ማታ መብራት የማይጠፋበት ልጅ ይቀድማል። የጫኖ ልጅ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ሙዝ ያጠጣል፤ ሀሬ ወንዝ ተራ ሲደርሰው ሌሊት ነው።

ለሁለቱ ወንድማማቾች የመለስነው

ለታላቁ ያልነው ይህ ነው። ወንድማችን፣ ምንም አላጠፋህም፤ አባትህም በግብሩ የሌላውን ልጅ ሲያስተምር ኖሯል። ግን የፈረምከው አማና ነው፤ ይከፈላል። ውዝፉን ከገቢዎች ጠይቅ፣ ስንት እንደሆነ በቁጥር እወቅ። ብዙዎቻችሁ መጠኑን ሳታውቁ ነው የምትፈሩት። የሚቀጥርህ መሥሪያ ቤት ከደመወዝህ ቆርጦ እንደሚከፍል ደብዳቤ ይጻፍልህ እንደሆነ ጠይቅ። «ሪባ አለበት ወይ?» ብለህ ለጠየቅኸን ደግሞ፣ እኛ ታሪክ ነጋሪ እንጂ ሙፍቲ አይደለንም፤ ፎርሙን ይዘህ ወደ ዓሊሞች ሂድ፤ ሳታነብ ግን በወሬ አትፍረድ።

ለታናሹ ያልነው ደግሞ ይህ ነው። አሁን ዋናው ዋጋ የሚከፈለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም፤ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ነው። እዚያ ያልተከፈለ በኋላ በእጥፍ ይከፈላል። አባትህ የሙዙን ገንዘብ ለግል ኮሌጅ ሊያወጡ ካሰቡ፣ መጀመሪያ ኮሌጁ ዕውቅና እንዳለውና ተማሪዎቹ በመውጫ ፈተና ስንት በመቶ እንዳለፉ ይጠይቁ። ሱቅ ሄደው በሬዲዮ ላይ እንኳ ዋስትና ይጠይቃሉ፤ ለልጃቸው ዕድሜ ለምን አይጠይቁም?

ለጀመዓችን የምንለውም አለን። ከላይ የነገርናችሁን አትርሱ፦ ደረሳውን ያበላው መንደሩ ነበር። ያ መንደር ሀብታም አልነበረም። ዛሬ በየመስጂዳችን ግቢ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባዶ የሚቆም ክፍል አለ፤ መብራት አለው፤ ከጀመዓው መካከል ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምሩ መምህራን አሉ። ሙስሊም ሆነ ክርስቲያን ሳይባል የሰፈሩ ልጅ ቢያጠናበት ማን ይጎዳል? ወረቀቱ በዕዳ የታሰረበትን አንድ ሥራ ፈላጊ በዓመት አንዴ ተረዳድቶ ማስፈታትስ ከአቅማችን በላይ ነው? ወቅፍ ማለት ትልቅ ሕንፃ ብቻ አይደለም።

መንግሥታት መጥተው ሄደዋል፤ አንዱ አገልግሉ አለ፣ አንዱ ዝመቱ አለ፣ አንዱ ፈርሙ አለ፣ አሁን ደግሞ መጀመሪያ እለፉ ተብሏል። ክፍያው ስሙን ቀየረ እንጂ አልቀረም። በዚህ ሁሉ ዘመን ያልተቀየረው አንድ ነገር ነው፤ የሚደግፈው ሰው ያገኘ ተማሪ ደርሷል።

እሑድ ከአስር ሶላት በኋላ ታናሹ ደብተሩን ይዞ መጥቶ ነበር። ሁለት ጓደኞቹንም አስከትሏል። አንድ የጀመዓችን መምህር ከሎጋሪዝም ጀመሩላቸው። ታላቁም በጥግ ተቀምጦ ያግዛቸው ነበር፤ ኦርጅናሉ ባይወጣም ዕውቀቱ አብሮት ነው።

አላህ ለሁላችንም ጠቃሚ ዒልም ይስጠን። እናንተ ምን አጋጥሟችኋል? ጻፉልን፤ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ወንድምና እህታችሁም አድርሱላቸው።